ውኃ ያልነካው ራውተር

ካምፓላ፣ ማኪንድዬ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለሙሐመድዘይን፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የአክስቴ ጉልበትስ ተሻላት? እኛ እዚህ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ልጅዎ ለይላ ደኅና ናት፤ ሥራዋ በዝቶባት ነው እንጂ። ሃፍሳም አድጋለች፤ የዛሬ ዓመት ለልጅ ልጄ ብለው የላኩላት ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል። እኔም ካባላጋላ ያለው የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ እየሠራሁ ነው፤ ማታ ማታ በኢንተርኔት የምከታተለውን ትምህርትም አላቋረጥኩም።

ስልክ ላይ የሰው ድምፅ እንደ ንብ መንጋ ነው የሚሰማኝ ስላሉኝ ደብዳቤውን መርጫለሁ። ይኼኛውን የምታደርሰው ሱዓድ ናት። ለሱቋ ልብስ ልታመጣ ወደ አዲስ አበባ እየሄደች ነው፤ ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው ትሰጥልኛለች። ለጆሮ ማዳመጫዎ የጠየቁኝን ባትሪ አራት እሽግ ልኬያለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለሕክምና እዚህ የመጡ ጊዜ ሳሎን መደርደሪያው ላይ አይተው «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ሬዲዮ ነው?» ያሉኝን ነጭ ሳጥን ያስታውሱታል? ራውተር ይባላል። ኢንተርኔቱን ከውጭ ተቀብሎ ለቤቱ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሞተ። ሞተ ልበል እንጂ ጨርሶ አልሞተም። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ መብራቱ ይበራል፣ አርባ ሰከንድ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ቢተዉት ቀኑን ሙሉ ያው ነው። ውኃ ሳይገባበት አልቀረም ተብሏል።

ለይላ በማግስቱ አዲስ ገዝታለች፤ ቤቱ አልተቸገረም። የአሮጌውን ነገር የምጠይቅዎ እንዲያው ዕቃ መጣል ስለማልወድ ነው። ይህንንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ ነው።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። አክስቴን ሰላም ይበሉልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሰፍዋን


ኮምቦልቻ
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።

ይድረስ ለልጄ ለሰፍዋን። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት፣ ካምፓላም ስላለህ ከቦዳ ሞተር ይጠብቅህ።

እኛ ደኅና ነን። አክስትህ ጉልበቷን ታማርራለች፤ የጎረቤት ሠርግ ሲሆን ግን አያማትም። እዚያ አገር ለጉልበት የሚታሰር ላስቲክ ነገር አለ ይላሉ፤ ከተገኘ ብታስይዝላት ደስ ይላታል፤ እኔ ነኝ የጠየቅኩህ፣ እሷ አላወቀችም። ማሽላው ዘንድሮ አላህ ባርኮታል፤ ወፉ ብዙ ነው እንጂ። ባትሪው ደርሶኛል፤ እጅህን ይባርከው። ሦስት ወር ሳልሰማ ቆይቼ፣ አንዱን እንዳስገባሁ አዛኑን ከቤቴ በረንዳ ሆኜ ሰማሁ። የሙአዚኑ ልጅ ድምፅ መጎርነኑን ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ወደ ሳጥኑ ልምጣ። እኔ ስለ ኢንተርኔት አላውቅም። ስለ ውኃ ግን አውቃለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያ የፈሰሰባቸውን ሬዲዮዎች ስፈታ ነው የኖርኩት። ውኃ የገባበት ዕቃ ወይ ጭራሹን ዝም ይላል፣ ወይ ያሻውን ይሆናል፤ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ያጨሳል። አርባ ሰከንድ ቆጥሮ እንደገና አይጀምርም። ውኃ ልክ አያውቅም፣ ሰፍዋን። ያንተ ሳጥን ልክ የሚያውቅ ከሆነ አንድ የታዘዘውን ነገር ሊፈጽም እየሞከረ አቅቶታል ማለት ነው። እኔ ብሆን ክዳኑን ከመፍታቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቅ ነበር፤ ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የነካው ማነው?

ናሙሊን ሰላም በልልኝ። እንዴት ናት? ደረቷን ያማት ነበር፤ ታከመች? እኔ እዚያ በከረምኩበት ሁለት ወር ለይላ ወደ ሥራዋ ትገባለች፣ አንተ ወደ ሱቅህ ትወርዳለህ፤ የለይላን ቤት ሥራ ከመጀመሯ በፊት በየማለዳው ወደ ኮረብታው የምታወጣኝ እሷ ነበረች። በቋንቋ አንግባባም። ከኋላዬ ቦዳ ሲመጣ እኔ አልሰማም፤ እጅጌዬን ይዛ ትጎትተኛለች። አንድ ቀን ባትጎትተኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሰው አልነበረም። እጇን ጨብጠህ ሰላምታዬን አድርስልኝና ምን እንዳለች ጻፍልኝ።

አጎትህ ሙሐመድዘይን


ካምፓላ፣ ማኪንድዬ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ።

ውድ አጎቴ፣ እንዴት ከረሙ? ስለዘገየሁ አፉ ይበሉኝ። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አጥቼ ነው። ሱቁ ውስጥም ሥራ በዝቶ ነበር፤ የፈረንጆቹ በዓል ሲደርስ ሁሉም ሰው ስልኩን ማሠራት ያምረዋል።

ሳያዩት አወቁት። ሳጥኑ ውኃ የለበትም። ሱቅ ወስጄ ከፍቼዋለሁ፤ ውስጡ እንደ አዲስ ንጹሕ ነው። መጨረሻ የነካሁት እኔ ነኝ። በዚህ ሳጥን ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ የሚያዝዘው ፕሮግራም አለ፤ ፈርምዌር ይሉታል። እኔ ከፋብሪካው ጋር የመጣውን አጥፍቼ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ሌላ ጫንኩበት። ነውር ነገር አይደለም፤ በዚህ ሙያ ያለ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ሳጥኑን ይበልጥ ታዛዥ ያደርገዋል። እሁድ ከሰዓት ለይላ ሃፍሳን ይዛ ሠርግ ሄዳ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል ጥሩ አድርጎ ሠራ። ከዚያ አንድ ትዕዛዝ አሳስቼ ጻፍኩለት። አሁን ሲነሳ ያችን ትዕዛዝ ያነባል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሳል። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን እዚያው የጣልኩት ያህል ነው፤ እኔንም አያስገባኝም።

የማስነሻ መንገድ እንዳለው አንብቤያለሁ። ግን ተውኩት። አዲሱ እየሠራ አሮጌው ቢነሳ ምን ይጠቅማል?

ለአክስቴ የጉልበት ማሰሪያውን አግኝቻለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር ነው። ባትሪም ስድስት እሽግ ጨምሬያለሁ፤ እስከ ክረምት ያደርስዎታል። ሌላም የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ሳይሳቀቁ ይጻፉልኝ። ጫማዎ እንዴት ነው? ጃኬትስ?

ሃፍሳ ሰላም ብላለች።

ልጅዎ ሰፍዋን


ኮምቦልቻ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ሰፍዋን።

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አጣሁ ብለሃል። ሱዓድ በታኅሣሥ ወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ መጥታለች፤ ለአክስትህ ሽቶ ልካላታለች። ይህን አልፌዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ ለይላ ለእናቷ ደወለች። አክስትህ ስልኩን እንደዘጋች መጥታ ጆሮዬ ሥር «ናሙሊ እኮ ከለይላ ቤት ከወጣች ሦስት ወር ሊሆናት ነው» አለችኝ።

«ለምን?» አልኳት።

«ያንን የኢንተርኔት ሳጥን ውኃ አስገብታበት። ለይላ በዚያ ቀን ትልቅ ሥራ ቀረባት። ተናዳ አሰናበተቻት።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ወረቀት ሰጥቻት ጻፊልኝ አልኳት። ጻፈችው።

ያንተን ሁለት ደብዳቤዎች አውጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በአንደኛው «ውኃ ሳይገባበት አልቀረም ተብሏል» ትላለህ። ማን ነው ያለው? በሁለተኛው የነካሁት እኔ ነኝ፣ ውስጡ ንጹሕ ነው ትላለህ። ሰላም በልልኝ፣ እንዴት ናት፣ ምን አለች ብዬ የጠየቅኩህ ሴት ስም ግን የለም። ለጫማዬና ለጃኬቴ ቦታ አግኝተሃል።

አባትህ የሞተ ጊዜ ሰባት ዓመትህ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ስትዋሽ አውቃለሁ። ያልተጠየቅከውን ታበዛለህ።

ማሰሪያውን አክስትህ አስራዋለች፤ እሷ የምታውቀው ነገር የለም፣ ከእሷ አልወስድም። ባትሪዎቹን ግን መልሼልሃለሁ፤ ስድስቱም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ናቸው። እውነቱን እስክትጽፍልኝ ድረስ ከእጅህ የመጣ ባትሪ ጆሮዬ ውስጥ አላስገባም። ሳልሰማ ብቀመጥ ይሻለኛል።

ሙሐመድዘይን


ካምፓላ፣ ማኪንድዬ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም፣ አጎቴ።

ሱዓድ ባትሪዎቹን የሰጠችኝ ሱቅ ውስጥ ነው። «እምቢ ብለው ነው መሰለኝ» አለችኝ። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ስለነበር ዕቃ እንደምፈልግ ሆኜ ጠረጴዛው ሥር አጎነበስኩ፤ ቶሎ ቀና ማለት አልቻልኩም።

እንደሆነው እጽፍልዎታለሁ።

እሁድ ከሰዓት ሳጥኑን እንዳበላሸሁት አውቄያለሁ። ለይላ ከሠርጉ ደክሟት መጣች፤ ኢንተርኔት አልፈለገችም፤ ጠዋት ሳይነሱ አስተካክለዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ጠዋት አልሆነልኝም። ለይላ የሥራዋን ነገር ያውቁታል፤ ከቤቷ ሆና በቪዲዮ ታስተረጉማለች። በዚያ ሰኞ ቃሉን የሚሰጥ አንድ ስደተኛ ነበር፤ ለዚያች ቀጠሮ ሰባት ወር ጠብቋል። ሰዓቱ ሲደርስ ኢንተርኔት የለም። በስልኳ ሞከረች፤ እሱም ተቆራረጠ። ቀጠሮው ተሰረዘ። የሰውየው ፊት ስክሪኑ ላይ ቆሞ ቀርቶ እያየችው ነበር የተሰረዘው።

ከክፍሏ ስትወጣ ናሙሊ ሳሎኑን እየወለወለች ነበር። ባልዲው ከመደርደሪያው ሥር ነው፤ ወለሉም እርጥብ ነው። ለይላ ሳጥኑን አየች፣ ባልዲውን አየች።

«ውኃ አስገባሽበት!» አለቻት።

«ኒያቦ፣ እኔ አልነካሁትም» አለች ናሙሊ። ኒያቦ እዚህ አገር እመቤቴ እንደማለት ነው። «አቧራውን እንኳ ዛሬ አልጠረግኩም።»

ለይላ ጮኸችባት። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ።

ዘጠኝ ዓመት የሠራችበትን ቤት በሃያ ደቂቃ ለቅቃ ወጣች። ሃፍሳ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ስትመለስ ናሙሊን በየክፍሉ ፈለገቻት።

ሳጥኑን ማስነሳት እንደምችል ባለፈው ጽፌልዎታለሁ። ያላስነሳሁት ስለማይጠቅም አይደለም። ከተነሳ ውኃ አልነካውም ማለት ነው። ሞቶ ከቆየ ግን ናሙሊ ገደለችው ይባላል። ለይላ «ጣለው» ብላኝ ነበር፤ መጣሉንም አልቻልኩም። በካልሲ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ስተኛም ስነሳም እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ምግብ ሲቀርብልኝ ትሠራልን የነበረችውን ናሙሊን አስባለሁ፤ አሁን የምትሠራልን ልጅ ደግሞ ወደ መደርደሪያው ስትጠጋ እጇ ይሸማቀቃል፤ ለይላ ነግራታለች።

አጎቴ፣ እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። እርስዎ አባቷ ነዎት፤ ለለይላ እርስዎ ይንገሯት። ከእርስዎ አፍ ከሰማችው አትጠላኝም። ከእኔ ከሰማችው ከዚህ ቤት የምወጣ ይመስለኛል።

ሰፍዋን


ኮምቦልቻ
የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰፍዋን፣ አላህ ልብህን ያበርታልህ።

ዝም አልኩ ብለሃል። ለይላን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ቁጣዋ እንደ ጭድ እሳት ነው፤ ይነዳል፣ ቶሎ ይጠፋል። በጥርጣሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማታውን ናሙሊን ታስጠራት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ልጇን ያስታቀፈቻትን ሴት እንዲያው ባልዲ አይታ አታባርራትም። በዚያ ቤት ውስጥ የዕቃ ብልሽት የሚያውቅ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ለይላ ዞር ብላ አንተን ሳትጠይቅ አልቀረችም።

ምን አልካት?

እኔ አልነግርልህም። እኔ ብነግራት ሽማግሌ ያስታረቀው ጠብ ይሆናል፤ ሁለታችሁም ትገላገላላችሁ፤ ናሙሊ ግን ያው ናሙዎንጎ ሰፈሯ ቁጭ ብላለች። በአላህ ሐቅ አጥፍቶ ተጸጽቶ ተውበት ያደረገ ሰው አላህ ይምረዋል። የሰው ሐቅ ግን በአላህ ዘንድ እንኳ ባለቤቱን ይጠብቃል። ይህን ቁርኣን ቤት እያለህ ሸምድደኸዋል፤ አሁን መጥቶብሃል።

ሳጥኑን አንሳው። ስታነሳውም ለይላ አጠገብህ ትቀመጥ። ረመዳን ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በሰው ሐቅ ላይ ተቀምጠህ ብትጾም የምታስርበው ሆድህን ብቻ ነው።

ከቤት ካስወጣችህ ኮምቦልቻ ቤት አለህ። ይህን ሳትጠራጠር ሂድ።

አጎትህ


ካምፓላ፣ ማኪንድዬ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እንኳን ለረመዳን አደረሰዎ፤ አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ።

አጎቴ፣ የጠየቁኝን አስቀድሜ ልመልስ። ለይላ ዞር ብላ «ሰፍዋን፣ እስቲ አንተ እየው» አለችኝ። ሻዩን አስቀምጬ ሳጥኑን አነሳሁ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። «እርጥበት ሳይነካው አልቀረም» አልኳት። ናሙሊ አጠገባችን ነበረች። አማርኛ ብዙ አታውቅም፤ እርጥበት የሚለውን ቃል ግን ከልብስ ማስጫው ታውቀዋለች። ለይላን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ በኋላ ነው ሽርጧን የፈታችው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ነው ያሳለፍኩት። ቅዳሜ የካቲት 15 ከሥራ በጊዜ ተመለስኩ። ሃፍሳ ጎረቤት ሄዳለች፤ ለይላ የምሳውን ዕቃ እያነሳች ነው። ሳጥኑን ከካልሲው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አልጣልከውም እንዴ?» አለች።

«ለይላ፣ ይህን ያበላሸችው ናሙሊ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

አላመነችኝም። ለናሙሊ አዝኜ ጥፋቷን የምወስድላት መሰላት። «አንተ ራስህ አይደለህ እርጥበት ነው ያልከኝ?»

«ያን ያልኩሽ እውነት አልነበረም። ተቀመጪና እዪው።»

ሳጥኑ ሲነሳ፣ ከመውደቁ በፊት፣ የመብራቱ ምት የሚፈጥንባት ሦስት ሰከንድ ያህል አለች። ልክ በዚያች ጊዜ ከኋላው ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብተው ቁልፉን ከተጫኑት የተበላሸውን ትዕዛዝ ሳያነብ ቆሞ ይጠብቃል። ላፕቶፔን በኬብል አያያዝኩት፣ አድራሻውን በእጄ ሞላሁለት፣ ኤሌክትሪኩን ሰካሁ። የመጀመሪያዋ አመለጠችኝ። ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋንና አራተኛዋን ዘግይቼ ተጫንኩ። አምስተኛው ላይ ለይላ መርፌውን ከእጄ ወሰደች።

«መቼ እንደምጫን ንገረኝ።»

መብራቱን ጠበቅኩ። «አሁን!»

ተጫነችው። መብራቱ እንደወትሮው አልጠፋም፤ ቶሎ ቶሎ መርገብገቡን ቀጠለ። ከላፕቶፑ ጠራሁት። መለሰ።

ከማጥፋቴ በፊት የጻፍኩበትን ትዕዛዝ ሁሉ እንድታየው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት። ቀኑ እዚያው አለ፤ የሠርጉ እሁድ ነው። ሰዓቱም አለ። ከሥሩ ሳጥኑን የጣለው ትዕዛዝ አለ። ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ስም መስጠት ግድ ነበርና እኔ የሰጠሁትን ስም ለይላ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ሰፍዋን ይቅደም»።

ለእርስዎም ያልጻፍኩልዎ ይኼን ነበር። ሳጥኑን የነካሁት የማታ ትምህርቴ እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ፣ ከለይላና ከሃፍሳ ቀድሞ ለእኔ እንዲሰጥ ለማድረግ ነው። በራሷ ቤት የእሷን መስመር ቀንሼ ለራሴ ልጨምር። እሷ ሳታውቅ።

ስሙን ደግማ በልቧ አነበበችው። ከዚያ «ያን ጠዋት እኔ ነኝ ብትለኝ እቆጣህ ነበር እንጂ አላባርርህም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

እሷ እየጮኸች ነበር፣ ናሙሊ ደግሞ እዚያው ነበረች። ከዚህ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

የፋብሪካውን ፕሮግራም መልሼ ጫንኩበት። ሳጥኑ እንደ ዱሮው ሆነ፤ ማናችንም ደስ አላለንም። ለይላ ጠረጴዛው ላይ እጇን ጭና አንድ ነገር ነገረችኝ። ናሙሊ ከወጣች በኋላ ኪሱጉ ሰፈር ያሉ አበሾች ሊቀጥሯት ፈልገው ለይላ ዘንድ ደውለው ኖሯል። ለይላም «ጥሩ ሴት ናት፤ ዕቃ ላይ ግን ጥንቃቄ የላትም» ብላቸዋለች። እነሱም ሳይቀጥሯት ቀሩ። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔን አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ እሁድ ሁለታችንም ናሙዎንጎ ወረድን። ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ በአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አገኘናት። ከሦስት ሴቶች ጋር ሆና በከሰል ካውያ የሰው ልብስ ትተኩሳለች። ከስታለች። ስታየን ካውያውን አስቀመጠች እንጂ አልተነሳችም። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እርስዎ ነው። «ሽማግሌው ደኅና ነው?» አለች። ደኅና ናቸው፣ በደብዳቤ ሰላም ብለውሻል አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰላምታውን እንዳላደረስኩላት ነገርኳት።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት። እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እየቀላቀልኩ ነው የተናገርኩት፤ በአንዱም ቋንቋ ቀላል አልሆነልኝም። ለይላም አፉ በዪኝ አለቻት። ወደ ቤቷ እንድትመለስ ለመነቻት። ሃፍሳ ትጠይቅሻለች አለቻት።

ናሙሊ የሃፍሳ ስም ሲነሳ ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዞረች። «ልጅቷን እወዳታለሁ» አለች ቆይታ። «እሁድ እሁድ አምጧት። ቤታችሁ ግን አልመለስም። አንድ ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር ቀና ብዬ ፊታችሁን ማየት ይኖርብኛል። አሁን ደክሞኛል።»

«ታዲያ ምን እናድርግልሽ?» አልኳት።

«የምቀጠርበት ቤት ሁሉ ከዚያኛው ለምን ወጣሽ ይለኛል። አልነካሁም ስል ማንም አያምነኝም። ጻፍልኝ። ስምህን ጽፈህ፣ እሷም ስሟን ጽፋ።»

ለይላ ከቦርሳዋ የሥራ ደብተሯን አውጥታ አንድ ወረቀት ገነጠለች። እዚያው የመተኮሻው ጣውላ ላይ አስደግፌ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ናሙሊ ዕቃውን እንዳልነካች፣ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ በእኔ ስህተት ሥራዋን እንዳጣች። ለይላ ሥሩ ላይ የዘጠኝ ዓመቱን ምስክርነት ጨመረችበት። ሁለታችንም ፈረምን።

ናሙሊ ወረቀቱን ተቀብላ ቃል በቃል በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይኼ ልክ አይደለም» አለች። «ስህተት ብለሃል። ስህተት ሳያውቁ ነው። አንተ ታውቅ ነበር።»

ለይላ ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ። ከመጀመሪያው ጻፍኩ። ያ ቃል የነበረበት ቦታ ላይ «ዋሸሁባት» ብዬ ጻፍኩ። ለናሙሊ ዘረጋሁላት፤ አልተቀበለችኝም። ሦስቱ ሴቶች ካውያቸውን አቁመው ያዩናል።

«እነዚህ ሰዎች ተባርሬ እንደመጣሁ ያውቃሉ» አለች። «ጮክ ብለህ አንብብላቸው።»

አነበብኩ። ያ ቃል ጋ ስደርስ ድምፄ ወረደ።

«አልሰሙህም» አለች።

ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩ። ስጨርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ ደረቷ ውስጥ አስገባችው። ካውያዋን አንስታ ከሰሉን እፍ አለችበት። ምሬሃለሁ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳት።

ለይላ ከቤት አላስወጣችኝም። እራት አብረን እንበላለን፤ ብዙ አናወራም።

ዱዓ ያድርጉልኝ ልልዎ ነበር። ለእሷ ያድርጉላት።

ሰፍዋን